በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ሌላ ሊኑክስ ስለ መጫን

እንደሚታወቀው፣ አንዳንድ አዲስ ላፕቶፕ ሊኑክስ ተጭኖበት ይሸጣል። ታዲያ የመጣው ሊኑክስ ካልተስማማንስ?

ለመሆኑ ሊኑክስ ምንድን ነው? ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ያስተዋወቀው የኮምፒዩተር ሥርዓት እምብርት ነው። ደቢያን (1985)፣ ኡቡንቱ (1997) እና ሚንት (1998 ዓ.ም.) በዚሁ ላይ ተሠርተዋል። ዱቄቱ አንድ ነው፤ እንጀራው ግን እንደ ጋጋሪው ይለያያል።

አጫጫኑም እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ/ የመረጡትን ማውረድ። ሚንት ወደ 3 ጊጋባይት ይደርሳል። ማባዛት ስለማይከለከል አንዱ መካነ ሰላም ወይም ደሴ ቢያወርደው ለሁላችንም ይበቃል።

2ኛ/ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ዝም ብሎ መገልበጥ አይሠራም፤ ማስነሻ ፍላሽ በሚያዘጋጅ ፕሮግራም ይጻፋል። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

3ኛ/ ላፕቶፑ ሲከፈት ኤፍ12ን (በአንዳንዱ ኤፍ9ን ወይም ኢስኬፕን) ተጭኖ ከፍላሹ ማስነሳት።

4ኛ/ ሳይቸኩሉ መሞከር። ሥርዓቱ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ይሠራል። ዋይፋዩ፣ ድምፁና የአማርኛ አጻጻፉ ደህና ናቸው ወይ?

5ኛ/ ደህና ከሆነ መጫን። «ዲስኩን አጥፋ» የሚለውን ከመረጡ የትምህርት ማስታወሻውም፣ የተማሪዎች ውጤትም አብሮ ይሄዳል! አስቀድሞ ሌላ ቦታ መገልበጥ ግድ ነው። ባትሪውም ይሙላ፤ መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ላፕቶፑ አልነሳ ሊል ይችላል።

ዕጩ መምህራን ሆይ! ነገ ወግዲ ገጠር ስንመደብ ጠጋኝ ከጎናችን አይኖርም። ያንን ፍላሽ አንጣለው፤ ሥርዓቱ ቢበላሽ መልሶ የሚያነሳው እሱ ነው።