ፎር ዊል ሁሉ ሪዶታ የለውም

አቦ፣ ይሄን ነገር ዛሬ ሳልጽፈው አላድርም።

ከሰዓት በኋላ ሐረር አቦከር፣ እኛ ጋራዥ አንድ መኪና በገመድ ተጎትቶ ገባ። የተቃጠለው ፍሪሲዮን ሽታ ከመኪናው ቀድሞ ነው በር ላይ የደረሰው። ባለቤቱ ኤረር ሸለቆ ውስጥ እርሻ አለው፤ በአፈሩ መንገድ ጭኖ ሲመለስ ዳገቱ መሃል ቆመበት። ሊያስነሳው ሲታገል ጭስ። ካምቢዮውን አወረድን። ዲስኩ እስከ ሪቬቱ ተበልቷል፤ ፍላይዊሉ ላይ ሙቀት ያወጣው ሰማያዊ ነጠብጣብ አለ፤ ጥፍሬን ሳሳልፍበት ስንጥቁ ይይዘዋል። መኪናው ከተገዛ ገና ነው። ሰውየው ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ደላላው ፎር ዊል ነው ብሎኛል እኮ!»

ፎር ዊልስ ነው፤ ደላላው አልዋሸም። ሪዶታ ግን የለውም። ለዚያ ዳገት የሚያስፈልገው ደግሞ ሪዶታ፣ ጉልበቱን የሚያበዛው ተጨማሪ ማርሽ ነው።

በዚህ ላይ ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ አንዱ ራቭ ፎር ውስጥ ቁጭ ብሎ «ሎክ» የሚለውን ቁልፍ እየተጫነ «አሁን ሪዶታ ገባ» ሲል አየሁት። ይሄን ያየ ሰው ነው ነገ ገንዘቡን ከፍሎ እኔ ጋ ተጎትቶ የሚመጣው። ስለዚህ በቁጥር በቁጥር ላስረዳ።

1. ፎር ዊል ማለት የሞተሩ ጉልበት ለአራቱም ጎማ ይደርሳል ማለት ነው። ጉልበቱን አያበዛውም። ራቭ ፎር፣ ተክሰን፣ ዳስተር ለዝናብ፣ ለቀላል ጭቃ፣ ለጠጠር መንገድ ጥሩ መኪኖች ናቸው፤ ማንም እንዲያጣጥላቸው አልፈልግም። ሪዶታ ግን የላቸውም። የመጀመሪያው ትውልድ ዳስተር ባለ ፎር ዊሉ አንደኛ ማርሹ ሆን ተብሎ እንዲያጥር የተደረገው ለዚህ ነው፤ 1,000 ዙር ላይ በሰዓት 5.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ለቀላል መኪና ደህና ነው፤ ማዳበሪያ ጭኖ ገደል ለሚወጣ ሰው አይበቃም።

2. ሪዶታ ያለው ትራንስፈር ውስጥ ነው፣ ከካምቢዮው ኋላ። ጉልበቱን ያበዛል፣ ፍጥነቱን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስሌቱን እዩት። አንደኛ ማርሹ 4 ለ 1፣ ዲፈረንሻሉ 4.1 ለ 1 የሆነ መኪና እንውሰድ። ሪዶታ ሳይገባ ሞተሩ 16.4 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። 2.49 የሆነ ሪዶታ ሲገባ ግን ሞተሩ 40.8 ጊዜ ዞሮ ነው ጎማው አንዴ የሚዞረው። በ7.50 ባለ 16 ጎማ፣ ሞተሩ 1,000 ዙር ላይ ሲሆን፣ ያለ ሪዶታ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ፤ በሪዶታ ከ4 በታች። ድንጋይ በሞላው ዳገት ላይ ደግሞ 9 አይኬድም። በሰው እርምጃ ለመሄድ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጠህ መያዝ ግድ ይሆንብሃል፤ ዲስኩን የሚበላው እሱ ነው። ሪዶታ ካለህ እግርህን ከፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አንስተህ ትወጣለህ።

ቁልቁለትም እንደዚያው ነው። ሪዶታ አንደኛ አስገብተህ እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ በፎሌ የሚወርደውን ሰው ምን ልበለው? አስፋልቱ ላይ፣ ደንገጎን በፎሌ የሚወርዱ አሉ! ሪዶታ የአስፋልት ነገር አይደለም፤ እዚያ በከባድ ማርሽ ውረዱ። በፎሌ ግን የትም አትውረዱ።

3. የቱን ልምረጥ? ላንድክሩዘር 70 (ሃርድ ቶፑም ፒካፑም) ሪዶታው 2.49 ነው። ሀይሉክስ ከቪጎ ወዲህ ያለው 2.57 ነው። የድሮው ላንድሮቨር ዲፌንደር 3.32 ነው፤ ቀርፋፋ ነው የምትሉት መኪና ገደል ላይ ማንም አይደርስበትም። ፓትሮል ዋይ 61 2.02፣ አዲሱ ጂምኒ 2.0 ናቸው። ጂፕ ሩቢኮን 4 ለ 1 ነው፤ ለአለት መውጣት የተሠራ ስለሆነ ለእኛ መንገድ ይበዛል። ቁጥሩን ብቻውን አትዩት፤ አንደኛ ማርሹና ዲፈረንሻሉ አብረው ይባዙ። ጂምኒ 2.0 ይዞ የሚሄድበትን የሚሄደው አንደኛ ማርሹ ከ4.4 በላይ ስለሆነና መኪናው ቀላል ስለሆነ ነው።

አሁን ወደሚያበግነኝ ነገር ልግባ። መሥሪያ ቤቶች።

የግዥ ኮሚቴ ለገጠር ሥራ መኪና ሊገዛ ዝርዝር መግለጫ ያወጣል። «ፎር ዊል ድራይቭ፣ ኤሲ ያለው፣ ቀለሙ ነጭ» ይላል። የመቀመጫውን ጨርቅ ሳይቀር ይጽፋል። ስለ ትራንስፈር አንድ ቃል የለም። ጨረታው በዝቅተኛ ዋጋ ነው የሚዘጋው፤ አቅራቢው ሕግ ሳይጥስ ሪዶታ የሌለውን ያመጣል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ተሟልቷልና ርክክቡ ይፈረማል። ከዚያ መኪናው ወደ ሸለቆው ይላካል። ዳገቱ ላይ ከቆመበት ቦታ ጀምሮ የጫነውን የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን ሰው በትከሻው ተሸክሞ ይሄዳል። ይሄ የወሬ ወሬ አይደለም፤ የተሸከሙት ሰዎች ናቸው መኪናውን ይዘውልኝ የመጡት።

ከሁሉ የሚያመኝ ጥፋቱ ሾፌሩ ላይ መውደቁ ነው። «ፍሪሲዮን አቃጠልክ» ተብሎ ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ ከደመወዙ ይቆረጣል። የልጆች አባት ነው! በዚያ መኪና ያንን ዳገት ጭኖ ሳያቃጥል የሚወጣ ሾፌር የለም። አንድ ጊዜ ይህንኑ ጽፌ ፈርሜ ሰጥቻለሁ፤ «የጋራዥ አስተያየት አይመለከተንም» ተባለ። ታዲያ የሚመለከተው ማንን ነው? ሐረር እኮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተመረተውን ፔጆ 404 እስከ ዛሬ ታክሲ አድርጎ የሚያሽከረክር ባለሙያ ያለበት ከተማ ነው። ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ግማሽ ሰዓት መጥቶ ቢጠይቅ የትኛው ኮሚቴ ይጎዳል?

መጻፍ ያለበት አንድ መስመር ነው፦ «ባለ ሁለት ፍጥነት ትራንስፈር ያለው፤ በሪዶታ አንደኛ ማርሽ አጠቃላይ ምጣኔው ከ35 ለ 1 ያላነሰ፤ የኋላ ዲፈረንሻል ሎክ ያለው»። ቅዱና ለጥፉት።

ቦሎ ሲታደስም መብራት ይታያል፣ ፍሬን ይታያል፤ «እስቲ ሪዶታውን አስገባው» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ማሠልጠኛዎቹ ደግሞ ሜዳ ላይ በትንሽ አውቶሞቢል አሠልጥነው ያስመርቃሉ፤ ልጁ መሥሪያ ቤት ሲቀጠር ሃርድ ቶፕ ይሰጡታል። ሁለተኛዋ ዱላ ምን እንደሆነች የነገረው የለም። እየሄደ ይጎትታታል፣ ጥርሱ ይጮኻል። መኪናው ቆሞ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ነው የሚገባው፤ አውቶማቲክ ከሆነ ኤን ላይ አድርጎ። የፊት ጎማው ላይ በእጅ የሚዞር ሎክ ካለው መጀመሪያ እሱ ይዞር፤ አለበለዚያ ፊቱ አይነዳም። ይሄ ሁሉ የሚደረገው ደግሞ ዳገቱ ሥር ነው፤ መሃሉ ላይ ከቆማችሁ በኋላ አይደለም።

4. ሲገዙ ምን ይታይ? ከሥር ግቡ። ከካምቢዮው ኋላ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ሳጥን፣ ከእሱ ወደ ፊት የሚሄድ ዘንግ፣ ፊት ላይ ዲፈረንሻል መኖር አለበት። ሳጥኑ መኖሩም ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ፍጥነት ብቻ ያለው አለ። ስለዚህ ጋቢና ውስጥ «4ኤል» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ካለ አፈር ላይ አስገብታችሁ ንዱት። በቁልፍ የሚገባው ዓይነት ከሆነ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ከቀረ፣ የሚያስገባው ትንሹ ሞተር ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ ደርቋል ማለት ነው። እኔ ከተጠየቅኩ ለእኛ አገር ዱላ ያለውን እመርጣለሁ፤ ዱላ ባቢሌ ማዶ ሲበላሽ በመፍቻ ይሠራል። የትራንስፈሩን ዘይት ፍቱና እዩ፤ የራሱ ዘይት ነው፣ ከካምቢዮው የተለየ። የወተት ሻይ መስሎ ከወጣ ወንዝ ሲሻገር ውሃ ገብቶበታል፤ ኩሽኔታዎቹን አትመኗቸው።

ደግሞ ሪዶታ ጎማ እንዳይንሸራተት ያደርጋል የሚሉ አሉ። አያደርግም! ጉልበት ስለሚያበዛ እንዲያውም በቀላሉ ያሽከረክረዋል። መንሸራተትን የሚይዘው ጎማው፣ ነፋሱና ዲፈረንሻል ሎኩ ነው። ኤረር ወይም ዳካታ ወንዝ አሸዋ ላይ በሪዶታ አንደኛ ነዳጅ የሚረግጥ ሰው ጉድጓዱን ራሱ ነው የሚቆፍረው። ነፋስ ቀንሱ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አስገቡ፣ ሳትቆሙ እለፉ። ከወጣችሁ በኋላ ነፋሱን መልሱ፤ አስፋልት ስትደርሱም ወደ ሁለት ጎማ መልሱት። እንደ ሃርድ ቶፕና ሀይሉክስ ያሉት ፊትና ኋላቸው ጥርቅም ብሎ ስለሚያያዝ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፉ ትራንስፈሩን ይጨርሱታል።

ስለ ኤሌክትሪክም ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በአይዲ 4 እና በአይዲ 6 ተሞልቷል። ጥሩ መኪኖች ናቸው፤ ለከተማ። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከመነሻው ሙሉ ጉልበት መስጠቱም እውነት ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዱ ናቸው፣ ሆዳቸውም ዝቅ ያለ ነው፤ ባትሪው ደግሞ ያለው እዚያው ሆዳቸው ሥር ነው። «ኤሌክትሪክ ሪዶታ አያስፈልገውም» ለሚሉኝ ደግሞ፣ መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ኤሌክትሪክ ጂ ክላስ ለየጎማው አንድ፣ ባጠቃላይ አራት ሞተር አለው፤ ለእያንዳንዱም 2 ለ 1 ሪዶታ ገጥመውለታል። የሚያስፈልገው ባይሆን አይገጥሙትም ነበር።

መልእክት የምትልኩልኝ ደግሞ «ይሄ መኪና ሪዶታ አለው ወይ?» ብላችሁ የመኪናውን ስም ብቻ አትጻፉ። አንድ ስም ያለው መኪና ባለ ሁለት ጎማም፣ ባለ ፎር ዊልም፣ ባለ ሪዶታም ሆኖ ይመጣል። የተሠራበትን ዓመት፣ የዱላውን ወይም የቁልፉን ፎቶ፣ ከተቻለም ከሥር የተነሳ የትራንስፈሩን ፎቶ ላኩ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት።