በመጸው ወራት ስለሚውል የሕፃናት ትምህርት

ሕፃን ልጅ ፊደል ከመቍጠሩ አስቀድሞ በእጁ የሚማረው ትምህርት እንዳለ ብዙ ሰው አያስተውልም። ጨዋታ የሚመስለውን ነገር ሁሉ ከንቱ የጊዜ ማሳለፊያ ነው ብሎ የሚፈርደው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን በጀርመን አገር በመጸው ወራት በመዋዕለ ሕፃናት ክፍል የሚሠራውን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ፍርዱን ያዘገያል።

ከ3 እስከ 6 ዓመት የኾናቸው ሕፃናት ማለዳ በክብ ተቀምጠው ይዘምራሉ፤ ከዚያም ካፖርታቸውን ለብሰው ወደ ዱር ይወጣሉ። በዚያ አገር ይህ ወራት ቅጠል የሚረግፍበትና ቀኑ የሚያጥርበት ነው እንጂ እንደ ኢትዮጵያ የአበባ ወራት አይደለም። ሕፃናቱ ቢጫና ቀይ የኾነውን ቅጠል፥ ከዛፍ የወደቀውንም ቡናማ ፍሬ በቅርጫት ለቅመው ይመለሳሉ። ክፍል ሲገቡ ትልቁን ከትንሹ፥ ሻካራውን ከለስላሳው ይለያሉ፤ ፍሬውን በአምስት በአምስት ይደረድራሉ። ከአንዱ ክምር ወስደው ወደ ሌላው ሲጨምሩ፥ የመደመርንና የመቀነስን ስም ሳይሰሙ ሥራውን ያውቁታል። የአንዱ ክምር ቢያንስ ከባልንጀራው ጋራ ይከራከራል፤ ክርክሩም በመቍጠር ይቈረጣል። መምህርቱ መልሱን ፈጥና አትናገርም።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኖቬምበር 11 ቀን ለሚውለው ለቅዱስ ማርቲን በዓልም ፋኖስ ከወረቀት ይሠራሉ። ቅዱሱ መጐናጸፊያውን በሰይፍ ከፍሎ እኩሌታውን ለተራቈተ ለማኝ እንደ ሰጠ ይተረክላቸዋል። እኩሌታ ማለት ምን እንደ ኾነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የሒሳብ መጽሐፍ አይገኝም።

ይህን ሥርዐት የመሠረተው በ1782 የተወለደው ፍሪድሪኽ ፍሬበል ነው። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ እናቱ ግን አንድ ዓመት ሳይሞላው ሞተውበታል። በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ ከተማ ሥራውን ጀመረ፤ በ1840ም ኪንደርጋርተን፥ ማለት የሕፃናት አትክልት ቦታ ብሎ ሰየመው። ለሕፃናቱ የሰጣቸውም ከሱፍ ክር የተሠሩ ባለቀለም ኳሶች፥ ከእንጨትም የተጠረበ ድቡልቡልና ባለ አራት ማዕዘን ነገር ነበር። በ1851 ግን የፕሩሲያ መንግሥት፥ ይህ ትምህርት ክሕደትንና ሶሻሊዝምን ያስፋፋል ሲል ከለከለው። የወንድሙ ልጅ ካርል ፍሬበል የጻፈው ጽሑፍ ለእርሱ ተቈጥሮበት ነበርና ስሕተቱን ቢያስረዳም የሰማው ሹም አልተገኘም። በ1852 ዐረፈ፤ ክልከላው የተነሣው በ1860 ነው። የቄስ ልጅ በክሕደት ተከሶ፥ መዝገብ በሚገባ ባለመመርመሩ ሕፃናት 9 ዓመት ያህል ተጐዱ።

በኢትዮጵያም በ1986 ዓመተ ምሕረት የወጣው የትምህርት ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት የልጁን ሁለንተናዊ ዕድገት እንዲመለከት ይል ነበር። የአብነት ትምህርት ቤትም ቢኾን ሕፃኑን በዝምታ አስቀምጦ አያውቅም፤ ልጁ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቈመ በዜማ ይጮኻል፤ ታላቁም ታናሹን ያስቈጥራል። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት በተባሉ በብዙ ቤቶች ግን የ4 ዓመት ልጅ እርሳስ ይዞ ገጽ እንዲሞላ ይታዘዛል፤ ወላጅም በደብተሩ ብዛት ይደሰታል። በመስከረም አደይ አበባ በደጅ ፈክቶ፥ የባቄላም እሸት በገበያ ሞልቶ ሳለ፥ ሕፃኑ ቍጥርን ከሰሌዳ ይገለብጣል።