የስኳር ሕመምና የዓይን ድርቀት

የስኳር ሕመምተኛ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ሲቆረቁረው አቧራውንና የአየር ማቀዝቀዣውን ይወቅሳል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሁለቱም ዓይንን ያደርቃሉ፤ ይሁን እንጂ ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር እንባ እንዲመነጭ የሚያደርጉትን ነርቮች ይጎዳል። ነርቮቹ ሲደነዝዙ መቆርቆሩ ራሱ ሊቀር ይችላል። ይህ ግን መዳን አይደለም፤ ዓይን ቢቆስል እንኳ ሕመሙ አይሰማምና።

ለማስታገሻ የሚያገለግለው ሰው ሠራሽ እንባ ነው፤ በፋርማሲ በዐረብኛ «ዱሙዕ ሲናዒያ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የሚጠቀም ሰው «ቢዱን መዋድ ሓፊዛ»፣ ማለትም ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ይምረጥ። ቅላትን ብቻ የሚያጠፉ ጠብታዎች አዘውትረው ከተወሰዱ ድርቀቱን ያባብሳሉ። የማቀዝቀዣው ነፋስ ፊትን በቀጥታ እንዳይመታ ማዞርም ይረዳል። እይታው የደበዘዘበት ወይም ብርሃን የሚያሳምመው ግን ጠብታ ሳይሞክር በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ።