ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ሳምንት

አዳማም ሆነ ሞጆ፣ ባቱም ሆነ ሻሸመኔ፣ ልጁን ቶንሲል እየደጋገመ የሚያስቸግረው ወላጅ አይጠፋም። ሁሉም ልጅ ግን ለኦፕራሲዮን አይታጭም። ከአንገት በላይ ሐኪሞች በስፋት የሚመሩበት መለኪያ በአንድ ዓመት ሰባት ጊዜ፣ ወይም ለሁለት ዓመት በየዓመቱ አምስት ጊዜ፣ ወይም ለሦስት ዓመት በየዓመቱ ሦስት ጊዜ መታመም ነው። ቶንሲሉ አብጦ በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቆራረጥበት ልጅ ደግሞ ከዚህ ቆጠራ ውጭ ይታያል።

ይውጣ ከተባለ በኋላ ክርክሩ በምን ይቆረጥ የሚለው ነው። ነባሩ መንገድ «ቀዝቃዛ» ይባላል። ሐኪሙ ቶንሲሉን በብረት መሣሪያ ከጡንቻው ላይ ልጦ ያወጣል፣ ቦታውን በጎዝ ተጭኖ ይቆያል፣ አልቆም ያለውን የደም ሥር በክር ያስራል። ጊዜ ይወስዳል፤ በቀዶው ሰዓትም የሚፈሰው ደም በዛ ይላል። ዲያተርሚ በኤሌክትሪክ ሙቀት እየቆረጠ ሥሩን እዚያው ይዘጋዋል። ፈጣን ነው፣ ደም ብዙም አያሳይም፤ የተቃጠለው ሥጋ ግን በኋላ ያማል። ኮብሌሽን የተባለው አዲሱ መሣሪያ በጨው ውሃ ውስጥ በሚያልፍ የሬዲዮ ሞገድ፣ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለ ሙቀት ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙን ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ ጫፉ ግን ለአንድ ታካሚ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ዋጋው ለእኛ የሚቀመስ አይደለም። ቶንሲሉን ሙሉ በሙሉ ሳያወጡ ሽፋኑን ትቶ ውስጡን ማንሳትም አለ፤ ሕመሙ ያንሳል፣ አንዳንዴ ግን ተመልሶ ያድጋል።

የማሽኖቹን ዝና የፈተነው ትልቁ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 በእንግሊዝና በሰሜን አየርላንድ የተካሄደው ነው። በዲያተርሚ ብቻ ወይም በኮብሌሽን በተሠራላቸው ታካሚዎች ላይ ከቀዶው በኋላ የመድማት ዕድሉ ሙቀት ካልነካቸው ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የተቆጠበው ደም ቤት ሄዶ ይፈሳል ማለት ነው።

ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል። የመጀመሪያው የመድማት አደጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ልጁ ገና በሐኪም ዓይን ሥር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ቁስሉን የሸፈነው ነጭ ልባስ ሲላቀቅ፣ ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ ይመጣል። ብዙ ሰው እስካሁን «ኃይለማርያም» በሚለው በአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ የታከመ የባቱ ልጅ በሰባተኛው ሌሊት ቢደማ በመካከሉ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። እንዲህ ላለ ታካሚ ከውድ መሣሪያ ይልቅ የሐርን ክር ደህና አድርጎ ማሰር የሚችል እጅ እመርጣለሁ። ወላጅም ልጁ ተኝቶ ሳለ ደጋግሞ የሚውጥ ከሆነ ደም እየዋጠ ሊሆን እንደሚችል ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ሊነገረው ይገባል።

የሕመም ማስታገሻው ጉዳይ ከዚህ የባሰ የራሳችን ነው። ኮዴይን በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ ለውጡን የሚያካሂደው ኢንዛይም ጂን በአንዳንድ ሰው ተደራርቦ ስለሚገኝ ሞርፊኑ በአንዴ ይበዛና ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህ የተደራረበ ጂን ነበራቸው፤ በስዊድናውያን ዘንድ 1 ወይም 2 በመቶ ገደማ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ለልጆች ኮዴይን እንዳይሰጥ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2013፣ ሕፃናት ከሞቱ በኋላ ነው፤ በ2017 ትራማዶልን ጨመረበት። ትራማዶል ደግሞ እዚህ አገር በየሆስፒታሉ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው።

የሚቀረው ርካሹ ነው። በቀዶው ሰዓት አንድ መጠን ዴክሳሜታዞን ማስታወክንም ሕመምንም ይቀንሳል። ከዚያ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በልጁ ክብደት ተለክተው፣ እስኪያለቅስ ሳይጠበቅ በሰዓታቸው ይሰጣሉ፤ አስፕሪን ደም ስለሚያቀጥን አይነካም። ጉሮሮው የደረቀ ልጅ ይበልጥ ስለሚያመው ውሃ ማብዛት ያስፈልጋል፤ በርበሬው ግን ሁለት ሳምንት ይቆይ።