መልካ፣ አሻግሬ፣ ዮርዳኖስ፦ ከወንዝ መሻገሪያ የተቀዱ የልጆች ስሞች

ኢሉባቦር የወንዝ አገር ነው። ሶር መቱን ታኮ ወርዶ ከገባ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል፤ ገባ የያዮን የቡና ጫካ ሰንጥቆ ከብርብር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይወለዳል። ጎሬ ላይ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል። በዚህ አገር ክረምት ይረዝማል። እዚሁ ኖፓ ላለ ገበሬ ገበያው ወይም የአማቶቹ ቤት ከወንዝ ማዶ ከሆነ፣ የሰው ጉዳይ ሁሉ የሚቆመውም የሚሄደውም በውኃው ልክ ነው። ወንዙና መሻገሪያው ወደ ልጆች ስም የገቡትም በዚሁ ኑሮ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው መልካ ነው። በአፋን ኦሮሞ ወንዝ የሚሻገሩበት፣ ከብት የሚያጠጡበት ቦታ መልካ ይባላል። መልካ ቁንጡሬ፣ መልካ ወረር፣ መልካ ዋከና፣ መልካ ጀብዱ የሚሉት የቦታ ስሞች ሁሉ ከዚሁ የመጡ ናቸው። የኦሮሞ የምስጋና በዓል ኢሬቻም በተራራ ሲከበር ኢሬቻ ቱሉ፣ ክረምቱ ወጥቶ ውኃ ዳር ሲከበር ኢሬቻ መልካ ይባላል። ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ይወርዳል፣ ሣሩን ውኃ ውስጥ እየነከረ ይረጫል፣ ከጨለማው ክረምት ወደ ብራ ያደረሰውን ፈጣሪ ያመሰግናል። ስለዚህ መልካ የሚል ስም የያዘ ወንድ ልጅ ሲያጋጥም፣ ስሙ ወንዙን ብቻ ሳይሆን የምስጋናውንም ቦታ ይዞ እንደሚሄድ ማሰብ ይገባል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ መልካሙ ከዚህ ቤተሰብ አይደለም። እሱ ቸርና ያማረ ለማለት የሚወጣ የአማርኛ ስም ነው፤ ሁለቱን ማዛመድ የድምፅ መመሳሰል ያመጣው ስሕተት ነው።

በመልካ ዙሪያ ብዙ ዘመድ ስሞች አሉ። ገላና ለወንድ፣ ገላኔ ለሴት ይወጣሉ፤ ሰፊ ውኃን የሚያመለክቱ ናቸው። ቡርቃና ቡርቂቱ ምንጭን፣ ሮባ ዝናብን፣ መርጋና መርጊቱ ሣርን፣ ላሊሳና ላሊሴ ልምላሜን ይዘዋል። አርፋሴ ከዋናው ክረምት በፊት ባለው የመጀመሪያ ዝናብ ወቅት የተወለደች ልጅ ስም ነው። ዲዴሳ ብሎ ወንድ ልጅ መጥራትም የተለመደ ነው፤ ለዓባይ ብዙ ውኃ ከሚገብሩት ወንዞች አንዱ፣ ለምዕራቡ ኦሮሞ መንገደኛ ደግሞ ስሙ የሚያስፈራ ሙላት ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም ድንቁ ይኸኛው ነው፤ ሰው የፈራውን ወንዝ ለልጁ ስም አድርጎ ሰጥቶታል።

ፍርሃቱ ከንቱ እንዳልሆነ የሚያውቀው በቃሬዛ ሰው ተሸክሞ መልካ የወረደ ነው። ምጥ የያዛት ሴት በሐምሌ ወንዝ ዳር ስትደርስ፣ ተሸካሚዎቹ አስቀድመው የሚያዩት ውኃው መሐል ያለውን ድንጋይ ነው። ጫፉ ከታየ ይገባሉ፤ ከተዋጠ ቃሬዛውን አስቀምጠው ሙላቱ እስኪጎድል ይጠብቃሉ። ሲገቡም አንዱ ረጅም ዱላ ይዞ ፊት ይቀድማል፣ እግሩ የሚያርፍበትን እየዳበሰ። ሌሎቹ ቃሬዛውን ከትከሻ በላይ ያነሱታል። ሕፃኑ ከወዲህ ወይም ከወዲያ ማዶ ከተወለደ በኋላ፣ በአምስተኛው ቀን በሸነን ሥርዓት ሴቶች ተሰብስበው ገንፎ ሲበሉ፣ ያ ቀን ሳይነሳ አይቀርም። ስምም ብዙ ጊዜ እንዲህ ካለው ወግ ይወጣል።

አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ስሙን ከቦታው ሳይሆን ከድርጊቱ ያወጣል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ ብዙ ቤተሰብ ወደ ኢሉባቦር እንዲሰፍር ሲደረግ፣ አሻግሬና ተሻገር የመሳሰሉት ስሞች አብረው መጥተዋል ማለት ይቻላል። ሁለቱም በመላ አገሪቱ የታወቁ ናቸው፤ በደርግ ዘመን ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበሩትን አሻግሬ ይግለጡን፣ ወይም የቀድሞውን የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር የአገኘሁ ተሻገርን የአባት ስም ማስታወስ ይበቃል። ተሻገር ለሕፃኑ የተሰጠ ትእዛዝ፣ ምርቃትም ነው፦ ክፉውን ቀን እለፈው። በሕፃንነታቸው ልጆች የሞቱባት እናት እንዲህ ብላ ስትጠራ፣ ወንዙ ዕድሜ ሆኖ ይነበባል።

ሃይማኖት የሚያመጣቸው ወንዞች ከአገሬው ወንዞች በላይ ገነዋል። ዮርዳኖስ ዛሬ ለሴት ልጅ እጅግ የተለመደ ስም ነው፤ እስራኤል በኢያሱ መሪነት ተሻግረውታል፣ ጌታ ተጠምቆበታል፣ ታቦታት በጥምቀት ዋዜማ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱም የሚታሰበው እሱ ነው። ሙሴ የሚለውንም ኦሪት ከውኃ ከመውጣቱ ጋር ያያይዘዋል። ግዮንና ዓባይ፣ አባይነሽም በዚሁ ይቆጠራሉ። በሙስሊሙ ቤተሰብ ከውሰር የጀነት ወንዝ፣ ተስኒምና ሰልሰቢል የጀነት ምንጮች፣ ዘምዘም የመካ ምንጭ ናቸው፤ ሁሉም የሴት ልጆች ስም ሆነዋል።

ወደ ታች ስንወርድ፣ አኙዋው ባሮን ኦፔኖ ይለዋል። ራቅ ብለው የሚኖሩት የኬንያ ሉዎዎች ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ የተወለደውን ወንድ ልጅ ኦኮት፣ ሴቷን አኮት ይላሉ። እንግሊዞች ክሊፎርድና ብራድፎርድ ሲሉ መጨረሻው ፎርድ መሻገሪያ ነው፤ ብራድፎርድ ሰፊ መሻገሪያ ማለት ነው። ክርስቶፎሮስም በምዕራቡ ትውፊት ሕፃኑን ክርስቶስ ተሸክሞ ወንዝ ያሻገረ ቅዱስ ስም ነው።

ዛሬ ነገሩ እየተለወጠ ነው። ድልድይ ሲሠራ፣ እናቶች ከመውለጃቸው በፊት በጤና ጣቢያ ማቆያ ሲቀመጡ፣ መልካው ላይ የመጠበቅ ጭንቀት ይቀራል፤ ይህ በሙሉ ልብ የሚደሰቱበት ነው። ከዚሁ ጋር ግን ስሙን የወለደው ታሪክ ይጠፋል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። የልደት ምስክር ወረቀቱ ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን ይይዛል፤ የስሙን ምክንያት የሚጽፍበት መስመር የለውም። ኢትዮጵያዊ በአባትና በአያት ስም ስለሚጠራ፣ ዲዴሳ የሚለው የአያት ስም ሆኖ በልጅ ልጅ መታወቂያ ላይ ይቆያል፤ የትኛው ክረምት እንደነበር የሚያውቁት ግን ከኖፓ እስከ ጎሬ ያሉ አሮጊቶች ናቸው። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለእረፍት ወደየቤታቸው ሲልክ፣ አያቶቻቸውን ስለ ስማቸው ጠይቀው ጽፈው እንዲመለሱ ቢያደርግ፣ ሌላ ሰው ሊሠራው የማይችለውን ሥራ በአንድ ክረምት ይሠሩታል።