በቶባ ሐይቅ ዳር፦ የባታክ መንደር ኑሮና ተስፋ

በኢንዶኔዢያ፣ በሱማትራ ደሴት ሰሜናዊ ክፍል የሚገኘው የቶባ ሐይቅ እሳተ ገሞራ የወለደው ነው። ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ምድር ፈንድታ በውስጧ የነበረው ቅልጥ ዐለት ሲወጣ የላዩ መሬት ወደታች ሰመጠ፤ ጉድጓዱንም ውሃ ሞላው። ሐይቁ ርዝመቱ 100፣ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ500 ሜትር ያልፋል። ከባሕር ጠለል በላይ 900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ቢሆንም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ከሐይቁ መካከል ሳሞሲር የሚባል ትልቅ ደሴት አለ። በደሴቱና በሐይቁ ዙሪያ ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩት ቶባ ባታኮች ናቸው።

የባታክ መንደር በቋንቋቸው “ሁታ” ይባላል። ጥቂት ቤቶች ያሉት፣ በአንድ ሰው ተመሥርቶ በዘሮቹ የቀጠለ ትንሽ ሰፈር ነው። በቀድሞው ዘመን መንደር ከመንደር ይዋጋ ስለነበረ ዙሪያው በአፈር ካብ ይከበባል፤ ካቡ ላይ ቀርከሃ ይተከላል። ውስጡ የጋራ ግቢ ነው፤ በአንድ ወገን መኖሪያ ቤቶች፣ ከፊት ለፊታቸው የሩዝ ጎተራዎች ይደረደራሉ። ቤቱ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ ይሠራል፤ ሚስማር አይገባበትም፣ እንጨቱ እርስ በርሱ ተቆላልፎ በገመድ ይታሰራል። የጣሪያው ወገብ እንደ ኮርቻ ጎድጎድ ያለ፣ ሁለት ጫፎቹ ወደ ሰማይ የቀኑ ናቸው። የቤቱ ፊት ተቀርጾ በቀይ፣ በነጭና በጥቁር ቀለም የተቀባ ሲሆን እንሽላሊትና የሴት ጡት ከቅርጹ አይጠፉም፤ ጡቱ የልጅና የበረከት ምልክት ነው። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ እንግዳ አንገቱን ሳይደፋ አይገባም፤ ይህም ለባለቤቱ እንደ እጅ መንሣት ይታያል። ዛሬ የዘንባባ ጭረት ክዳን በብዙ ቦታ በቆርቆሮ ተተክቷል፤ ከአሮጌው ቤት አጠገብም የሲሚንቶ ቤት ይታያል። ድህነትን ብቻ የሚፈልግ ዓይን እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቆርቆሮው የገባው አሮጌውን ክዳን መልሶ መክደን ብዙ ጉልበትና ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ነው።

መንደሩን ከካቡ ይልቅ የሚያጸናው ዝምድናው ነው። እያንዳንዱ ባታክ “ማርጋ” የሚባል የጎሳ ስም አለው፤ ስሙ በአባት በኩል ይወርዳል፣ ከራስ ማርጋ ማግባትም ነውር ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ባታኮች ሲገናኙ ከሁሉ አስቀድመው ማርጋቸውን ይጠያየቃሉ፤ ትውልድ ወደ ኋላ ቆጥረውም ማን ማንን “አጎቴ” ወይም “ወንድሜ” እንደሚለው ይወስናሉ። ማኅበራዊ ሥርዓቱ “ዳሊሐን ና ቶሉ” ይባላል፤ ሦስቱ ጉልቻ እንደማለት ነው። አንዱ ጉልቻ የገዛ ማርጋ ወንድሞች፣ ሁለተኛው ሚስት የሰጠው ወገን፣ ሦስተኛው ሚስት የወሰደው ወገን ነው። ሚስት ሰጪው ይከበራል፣ ይመርቃል፤ ሚስት ወሳጁ በድግሱ ያገለግላል። አንዱ ሰው በአንዱ ሰርግ ተከባሪ፣ በሌላው አገልጋይ ስለሚሆን ማንም ሁልጊዜ የበላይ፣ ማንም ሁልጊዜ የበታች አይሆንም። በድግስ የታረደው ሥጋ ብልት በብልት የሚደለደለውም በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ድርሻውን የተነፈገ ዘመድ የተነፈገው ክብሩን ነው።

የሥርዓቱ ጉድለት በሴቶች ላይ ይታያል። በልማዱ መሬትና ቤት የሚወርሰው ወንድ ልጅ ነው፤ ሩዝ የምትተክለው፣ ሽንኩርት የምትኮተኩተው፣ ገበያ የምትወጣው ግን በአብዛኛው ሴቷ ናት። “ኡሎስ” የተባለውን ልብስ የምትሸምነውም እሷ ናት። ሸማኔዋ እግሯን ዘርግታ ወለል ላይ ትቀመጣለች፤ የድሩ አንድ ጫፍ ከፊቷ ይታሰራል፣ ሌላው ከወገቧ በስተጀርባ በሚያልፍ መወጠሪያ ይያዛል። ወደ ኋላ ስትል ድሩ ይጠብቃል፣ ወደ ፊት ስትል ይላላል፤ የሽመናው ዕቃ ግማሹ የራሷ አካል ነው ማለት ይቻላል። ባታኮች ሰውን የሚያሞቁት ሦስት ነገሮች ፀሐይ፣ እሳትና ኡሎስ ናቸው ይላሉ። ሙሽሮች ሲጋቡ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲሞት ኡሎስ ይደረባል። ርካሽ የፋብሪካ ኡሎስ ገበያ ከገባ ወዲህ ግን የእጅ ሥራው ለድካሙ የሚመጥን ዋጋ አያገኝም።

ክርስትና እዚህ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ሉድቪግ ኖመንሰን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ወደ ባታክ ምድር ገብቶ በ1918 እዚያው እስኪሞት ድረስ አገልግሏል፤ ዛሬ ከቶባ ባታኮች አብዛኛው ፕሮቴስታንት ነው። በዚሁ ዘመን የሆላንድን ቅኝ አገዛዝ ለረጅም ዓመታት የተዋጋው የባታኮች መሪ ሲሲንጋማንጋራጃ 12ኛ ደግሞ በ1907 ተገደለ። ከሚስዮናውያን ጋር የመጣው ትምህርት ቤት የመንደሩን ዕጣ ለወጠ። ለባታክ ወላጅ ልጅ ሀብት ነው፤ ልጅን ለማስተማር መሬት መሸጥም ሆነ መበደር አያስነውርም። የተማረው ልጅ ግን ወደ ሜዳን ከተማ ወይም ወደ ጃካርታ ይሄዳል። ከዚያ ገንዘብ ይልካል፣ ለገና ይመጣል፣ ለአያት ቅድመ አያቶቹ አጥንት ውድ የሲሚንቶ ሐውልት ያሠራል። በሐይቁ ዳር መንገደኛው ከሚያያቸው ሕንጻዎች አንዳንድ ጊዜ የሚያምሩት መቃብሮቹ ናቸው።

ለቀሩት እንግዲህ ምን አለ? ከእርሻው ተስፋ የሚሰጠው ቡና ነው። ከሐይቁ ደቡብ ምዕራብ በሊንቶንግ አካባቢ ገበሬዎች የሚያለሙት የዐረቢካ ዝርያ “ሲጋራር ኡታንግ” ይባላል፤ ትርጉሙ “ዕዳ ከፋይ” ነው። ቁመቱ አጭር፣ ፍሬው ፈጥኖ የሚደርስ በመሆኑ ስሙን በሥራው አግኝቷል። ከኢትዮጵያ ደን የወጣው ተክል ከውቅያኖስ ማዶ የሌላ ገበሬ ዕዳ ይከፍላል።

ቱሪዝምም ብዙ ይነገርለታል። መንግሥት ቶባን ቅድሚያ ከሚሰጣቸው የጉብኝት ቦታዎች ውስጥ አስገብቷል፤ በአቅራቢያው ያለው የሲላንጊት አየር ማረፊያ ተስፋፍቷል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2020 አካባቢውን በዓለም አቀፍ ጂኦፓርክነት መዝግቧል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ሲናር ባንጉን የተባለችው ጀልባ ከልክ በላይ ሰው ጭና ከሲማኒንዶ ተነሥታ ስትጓዝ ሰጠመች፤ ከ160 በላይ ሰዎች እስከ ዛሬ አልተገኙም። ስብርባሪዋ 450 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ታይቶ እዚያው ቀረ። አየር ማረፊያ ከማስፋት በፊት ለመንደሩ ሰው የሚታመን ጀልባ ማቅረብ ይገባ ነበር።

ውሃው ራሱም ታሟል። ሐይቁ ላይ በተንሳፋፊ መረብ ቆሮሶና ካርፕ ይረባል፤ የኩባንያዎችም የመንደርተኞችም መረብ አለ። ሳይበላ የሚቀረው መኖና የዓሣው ቆሻሻ በውሃው ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይሟጠጣል። በ2016 በሐራንጋኦል፣ በ2018 ደግሞ በፓንጉሩራን አጠገብ እጅግ ብዙ ዓሣ በአንድ ጊዜ ሞቶ ተንሳፈፈ። በብድር መኖ የገዛው ትንሹ አርቢ ያን ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ለትልቁ ድርጅት ግን የሚቻል ኪሳራ ነው።

ከሁሉ የሚያስተምረው የደኑ ጉዳይ ነው። በሑምባንግ ሐሱንዱታን ተራሮች የፓንዱማንና የሲፒቱሁታ መንደር ሰዎች ከትውልድ ሲተላለፍ ከመጣ ደን ውስጥ ሉባንጃ ይሰበስባሉ። ዐረብ ነጋዴዎች የሱማትራውን ሙጫ “ሉባን ጃዊ” ሲሉት ኖረዋል፤ በአማርኛም ሉባንጃ የተባለው ከዚሁ ስም ነው። ሰብሳቢው በገመድ ዛፉ ላይ ወጥቶ ቅርፊቱን ያቆስላል፤ የደማው ሙጫ ወራት ቆይቶ ሲደርቅ ተመልሶ ይለቅመዋል። ዛፉ ካልተቆረጠ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። መንግሥት ግን ደኑን የወረቀት ጥሬ ዕቃ ለሚያመርት ድርጅት በኮንሴሽን ሰጥቶት ስለነበረ በ2009 የሉባንጃ ዛፎች መቆረጥ ሲጀምሩ የመንደሩ ሰዎች ተቃውመው ተነሡ። ከዓመታት ክርክርና እስራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016፣ ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶ 5,000 ሄክታር የሚያህለው ደን ከድርጅቱ ይዞታ ወጥቶ ባህላዊ ደን እንዲሆን መወሰኑን አበሠሩ። ከውሳኔው በኋላም የወሰን ምልከታውና የወረቀት ሥራው ዓመታት ፈጅቷል፤ መንደርተኞቹ ግን ገመዳቸውን ይዘው ወደ ዛፎቹ መውጣታቸውን አላቆሙም።