ያውቁ ኖሯል? የአንድ ሰፈር ባቡር ከመዘጋት እንዴት እንደዳነ

በዌልስ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ባሕር ዳር ላይ፣ ታዊን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከዚያ ተነሥቶ በለምለም ሸለቆ ውስጥ ወደ ተራራው የሚወጣው የታሊሊን ባቡር ዛሬም በከሰልና በውኃ ይሠራል። ርዝመቱ 12 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ታሪኩ ግን ረጅም ነው። የአንድ ቀን ሽርሽር ይዘን እንውጣ። (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትኬት ቆርጠው ሳይሳፈሩ

• ያውቁ ኖሯል? ለዚህ ባቡር መወለድ የአሜሪካ የእርስ በእርስ ጦርነት እጁ አለበት። በ1861 ጦርነቱ ሲፈነዳ ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ወደ እንግሊዝ ይጫን የነበረው ጥጥ ተቋረጠ። በማንቸስተር ጥጥ ያስፈትል የነበረው የማክኮኔል ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያሠራበት ሌላ መስክ ፈለገና በዌልስ ተራሮች የብሪን ኤግልዊስን የድንጋይ ካባ ያዘ። ከካባው የሚወጣው በስሱ እየተሰነጠቀ ለቤት ክዳን የሚሆን ድንጋይ ነው። ሐዲዱ የተዘረጋው ይህን ድንጋይ ለማውረድ ነበር።

• የብሪታንያ ፓርላማ ሐዲዱን በ1865 በሕግ ፈቀደ። በጠባብ ሐዲድ ላይ በእንፋሎት እየተሳበ ሰው እንዲያመላልስ በፓርላማ ሕግ የተፈቀደለት የአገሪቱ የመጀመሪያ ባቡር ይኸው ነው። መንገደኛ መጫን የጀመረው በ1866 ነው።

• በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 68.6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የእኛ የቀድሞው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡር ሐዲድ 1 ሜትር ነበር፤ አብዛኛው የዓለም ባቡር የሚሄድበት ደግሞ 143.5 ሳንቲ ሜትር ነው።

• የታሊሊን ፉርጎዎች በር ያላቸው በአንድ ጎን ብቻ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? በ1866 መስመሩን ሊመረምር የመጣው የመንግሥት መኮንን ከሐዲዱ በላይ የተሠሩት ድልድዮች በጣም ጠባብ ሆነው አገኛቸው። ባቡሩ ከድልድይ ሥር ቢቆም ሰው በየትኛውም በኩል መውጣት አይችልም። ድልድዮቹን አፍርሶ መሥራት ወጪው ከባድ ነበር። ስለዚህ ሐዲዱን ከድልድዩ መሐል ወደ አንድ ወገን አስጠጉት፤ በጠበበው በኩል ያሉትን በሮች ዘጉ፤ በሰፋው በኩል ያሉትን ተዉ። እስከ ዛሬም የየጣቢያው መድረክ በዚያው በአንዱ ወገን ነው።

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ

• መስመሩ ሲከፈት የገቡት ሁለቱ የመጀመሪያ ባቡሮች፣ ታሊሊን እና ዶልጎህ፣ ዛሬም እዚያው ናቸው። ሁለቱም የተሠሩት በሰሜን እንግሊዝ ዋይትሄቨን ከተማ፣ በፍሌቸር ጄኒንግስ ፋብሪካ ነው። በእርግጥ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲሠሩ ብዙ አካላቸው ተለውጧል።

• የእንፋሎት ባቡር ቁልፍ ተጠምዝዞ አይነሣም። መንገደኛው ቁርሱን ሳይበላ ገና በማለዳ እሳቱ ይለኮሳል። ውኃው የሚፈላበት የብረት ጋን ቀስ ብሎ መሞቅ አለበት፤ ተጣድፎ የጋለ ብረት ይጎዳል።

• ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ቦታው ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ያንን ሁሉ ሰፊ ነገር በጋን ውስጥ አፍነው ሲይዙት ጉልበት ይሆናል፤ ጉልበቱ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ መንኮራኩሩን ያዞራል።

• ያ የሚታወቀው “ቹፍ፣ ቹፍ” የሚለው ድምፅ ምን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ተስፈንጥሮ ሲወጣ የሚሰማ ነው። በሁለት ሲሊንደር በሚሠራ ባቡር መንኮራኩሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ድምፁ አራት ጊዜ ይሰማል። እንፋሎቱ ሲወጣ ጭሱን አብሮ ይስበዋል፤ በጭሱ ቦታ አዲስ አየር ወደ እሳቱ ይገባል። ስለዚህ ባቡሩ ዳገት ላይ በጣረ ቁጥር እሳቱም አብሮት ይበረታል። ይህን የሚያሰላው ኮምፒውተር የለም፤ ነጂውና እሳት አንዳጁ በጆሮና በዓይን ይከታተሉታል።

• ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ባቡሩ ሦስት ቅስት ባለው የዶልጎህ ድልድይ ላይ ያልፋል። ድልድዩ ከገደሉ 16 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ወዲያው የዶልጎህ ጣቢያ ይደርሳል፤ ባቡሩ ውኃ የሚጠጣው እዚያ ነው። በእግር ትንሽ ከፍ ቢሉ የዶልጎህን ፏፏቴዎች ያያሉ።

• ቀጥሎ የሚመጣው የአበርገኖልዊን መንደር ለካባው ሠራተኞች መኖሪያ ተብሎ የተሠራ ነው። ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ እንደሆነች፣ ይህችን መንደር ደግሞ የጣሪያ ድንጋይ ወለዳት።

• የመጨረሻው ጣቢያ ናንት ግዌርኖል በመኪና አይደረስም። ወደዚያ የሚወስደው ባቡሩ ወይም እግርዎ ነው። ቀድሞ ድንጋይ ብቻ ይመላለስበት የነበረው ይህ ጫፍ ለመንገደኛ የተከፈተው በ1976 ነው፤ ያዘጋጁትም ያለ ክፍያ የሚሠሩ ፈቃደኞች ናቸው።

እንዴት ተረፈ?

• በ1948 የብሪታንያ መንግሥት የአገሩን የባቡር ኩባንያዎች ሲወርስ ታሊሊን ከዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። ያኔ ከተወረሱት ትንንሽ መስመሮች ብዙዎቹ ቆይተው ተዘግተዋል።

• ካባውንና ባቡሩን በ1911 የገዙት ሰር ሄንሪ ሄይድን ጆንስ ለዓመታት የፓርላማ አባል ነበሩ። በ1946 የገና ማግስት ካባው ተደርምሶ ተዘጋ። እሳቸው ግን በሕይወት እስካሉ ድረስ ባቡሩ እንደሚሄድ ቃል ገቡ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። በሐምሌ 1950 ሲያርፉ ባቡሩ የመዘጋት አደጋ ገጠመው።

• በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር መሐንዲስና ደራሲ የነበረው ቶም ሮልት በበርሚንግሃም ከተማ በአንድ ሆቴል ስብሰባ ጠራ። የመጡት ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ። ግንቦት 14 ቀን 1951 ባቡሩ በማኅበሩ እጅ ሥራ ጀመረ። በዓለም ላይ በፈቃደኞች ከመዘጋት የዳነ የመጀመሪያው ባቡር ታሊሊን ነው። በየአገሩ ዛሬ የምናያቸው የድሮ ባቡር ማኅበራት ብዙዎቹ ፈለጉን ተከትለው የመጡ ናቸው።

• በመጀመሪያው ወቅት መሥራት የቻለችው ዶልጎህ ብቻ ነበረች። ማኅበሩ ተዘግቶ ከነበረው ከጎረቤቱ ከኮሪስ መስመር ሁለት ባቡሮችን እያንዳንዳቸውን በ25 ፓውንድ ገዛ። የሐዲዳቸው ስፋት ከታሊሊን ጋር አንድ ነበር። አንደኛውን “ሰር ሄይድን” ብለው በቀድሞው ባለቤት፣ ሁለተኛውን “ኤድዋርድ ቶማስ” ብለው መስመሩን ለረጅም ዘመን በመሩት ሥራ አስኪያጅ ስም ጠሩት።

• “ቶም ሮልት” የሚባል ባቡርም አለ። ክፍሎቹ የመጡት በአየርላንድ ረግረጋማ ምድር ለማገዶ የሚሆን አፈር ያጓጉዝ ከነበረ ባቡር ነው። በማኅበሩ ጋራዥ እንደ አዲስ ተሠርቶ በ1991 ሥራ ገባ።

• ልጆችዎ በቴሌቪዥን የሚያዩትን “ቶማስ” የተባለውን ባቡር የፈጠሩት ቄስ ዊልበርት ኦድሪ የታሊሊን ፈቃደኛ ሠራተኛ እንደነበሩ ያውቁ ኖሯል? ተረቱን የጀመሩት ልጃቸው ኩፍኝ ይዞት ተኝቶ ሳለ ሊያጫውቱት ነው። በመጻሕፍታቸው ውስጥ ያለው የስካርሎይ ባቡር የተቀዳው ከታሊሊን ነው። በታዊን ጣቢያ ባለው ሙዚየም የሥራ ክፍላቸው እንደነበረ ተዘጋጅቶ ይታያል።

• ሩጫ ለሚወድ ሕዝብ ይህ ደስ ይላል። ከ1984 ጀምሮ በታዊን ሰዎች ከባቡሩ ጋር ይሽቀዳደማሉ። ሯጮቹ በማሳና በጭቃ፣ ባቡሩ በሐዲዱ ነው፤ ባቡሩን የሚቀድሙ ሯጮችም አሉ።

• በ2021 ዩኔስኮ የሰሜን ምዕራብ ዌልስን የጣሪያ ድንጋይ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የብሪን ኤግልዊስ ካባ፣ የአበርገኖልዊን መንደርና የታሊሊን ባቡር አብረው ተመዘገቡ።

ለመሄድ ካሰቡ

• በበርሚንግሃምና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖች ከከተማችሁ እስከ ታዊን የሚወስድ ባቡር አላችሁ። ማኅበሩ በተወለደበት ከተማ ተሳፍራችሁ ማኅበሩ ወዳዳነው ባቡር ትደርሳላችሁ።

• በመጨረሻም ይህን ይወቁልኝ። ትኬት የሚቆርጥልዎት፣ እሳቱን የሚያነደው፣ ሐዲዱን የሚጠግነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የማይከፈለው ነው። ጥቂት ቋሚ ሠራተኞች አሉ፤ የቀረው የሚሠራው በዕረፍት ቀኑ በሚመጣ መምህር፣ መካኒክና ጡረተኛ ነው። ቅርስ በአዋጅ ብቻ አይጠበቅም። ጊዜውን የሚሰጥ ሰው ያስፈልገዋል፤ ታሊሊንም ከ1951 ወዲህ እንዲህ ያለ ሰው አጥቶ አያውቅም።